የአመራር ስልጠናው ቀበሌ ድረስ ይውረድ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የአርሶ አደሩ ዓመት ግን በሌላ ቀመር ይሄዳል። በቆሎ አብቃይ በሆኑ ወረዳዎቻችን ግንቦትና ሰኔ የእርሻና የዘር ወራት ናቸው። ጤፍ በሚዘራበት አካባቢ ደግሞ ሐምሌ እጅ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ዓመቶች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። በወረዳ ደረጃ “ለአቅም ግንባታ” ተብሎ የተያዘው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለወራት ሳይነካ ይቆይና ግንቦት ሲገባ “በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን” ተብሎ ጥድፊያ ይጀመራል። ደብዳቤ ይበተናል፤ አዳራሽ ይያዛል፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ቡድን መሪዎችና ሱፐርቫይዘሮች ለአራትና ለአምስት ቀናት ከተማ ይከታሉ። በዚያው ሳምንት አርሶ አደሩ የማዳበሪያውንና የምርጥ ዘሩን ነገር ሊጠይቅ ሲሄድ የሚያገኘው መልስ “ስልጠና ላይ ናቸው” የሚል ይሆናል።

ይህን የምለው ስልጠና አያስፈልግም ለማለት አይደለም። እንዲያውም በግብርናው ዘርፍ ከግብዓት እጥረት ባልተናነሰ ምርታችንን የሚጎዳው የአመራር ክህሎት ማነስ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ነው ስልጠናው ለማን፣ መቼና የት ይሰጣል፣ ከተሰጠስ በኋላ በማሳ ላይ ምን ይለወጣል የሚለው በግልጽ መነጋገሪያ ሊሆን የሚገባው።

መሪው ማን ነው?

በእኛ አነጋገር “አመራር” የሚለው ቃል ሥራውንም ሰውየውንም የሚጠራ ሆኗል። “አመራሩ መጣ”፣ “አመራሩ ተሰበሰበ” እንላለን። በዚህም ምክንያት የአመራር ስልጠና ሲታሰብ በቅድሚያ የሚጠራው በሹመት ወንበር የያዘው ሰው ነው። በግብርና ሥራ ግን ወሳኙ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከወረዳው ከተማ ርቆ፣ በማሳ ዳር፣ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው።

የስንዴ ዋግን እንመልከት። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቶ በወቅቱ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳን የመሰሉ ዝርያዎችን ክፉኛ ጎዳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተስፋፋው ዲገሉ የተባለው ዝርያ በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። ከሁለቱም የተማርነው አንድ ነገር አለ። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ምልክቱ በታየ በቀናት ውስጥ አጎራባቹን ያዳርሳል። የፈንገስ ማጥፊያ ኬሚካልም ዋጋ የሚኖረው በጊዜ ሲረጭ ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ነጥቦች በመጀመሪያ ያየው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ምን ማድረግ አለበት? ለወረዳው ደብዳቤ ጽፎ፣ ወረዳው ለዞን አሳውቆ፣ መልሱ በመጣበት መንገድ እስኪመለስ መጠበቅ ይችላል። ወይም በዚያው ቀን ስንት ማሳ እንደተያዘ ቆጥሮ፣ ባለማሳዎቹን ሰብስቦ፣ ኬሚካልና መርጫ በየትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዳለ በስልክ አጣርቶ፣ ለአጎራባቹ ቀበሌ ባልደረባውም ነግሮ ሥራ ሊያስጀምር ይችላል። ሁለቱም ሠራተኞች ስለ ዋግ ያላቸው ዕውቀት እኩል ሊሆን ይችላል። የሚለያያቸው የመምራት ችሎታና የመወሰን ድፍረት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ተመሳሳይ ፈተና ነው። ተባዩ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ስለሚበላ ጉዳቱ በሩቁ አይታይም። ትሉ ትንሽ ሳለ መከላከል ይቻላል፤ ካደገና ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ኬሚካሉም በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ አሰሳው በየማሳው፣ በየጊዜው መደረግ አለበት። ለቀማውም ቢሆን አንዱ ለቅሞ ጎረቤቱ ዝም ካለ ድካሙ ከንቱ ነው። አንድን መንደር ሙሉ በአንድ ቀን ማሳው ላይ ማሰማራት የእርሻ ሳይንስ ብቻውን የሚመልሰው ጉዳይ አይደለም፤ ሰው የማስተባበር ጥበብን ይጠይቃል።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነገራል። በጎጃምና በአዊ አካባቢዎች የሚኖር አርሶ አደር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ማዳበሪያ ጨምሮ ምርት የማይጨምርበትን ማሳ አይቷልና። መፍትሔው ኖራ መሆኑም አዲስ አይደለም። ችግሩ ኖራ እንደ ዘር በጆንያ ተሸክመው የሚወስዱት አለመሆኑ ነው። ለአንድ ሔክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። ከዘር ወቅት ቀደም ብሎ መበተንና ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ይህ ማለት ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ተሽከርካሪ ማግኘት፣ ማራገፊያ ቦታ ማዘጋጀት፣ አርሶ አደሮችን በቡድን ማደራጀት፣ ከዩኒየንና ከቀበሌ አስተዳደር ጋር መናበብ ማለት ነው። ኖራው መንገድ ዳር ተቆልሎ ክረምት ሲወርድበት፣ የጎደለው የአፈር ዕውቀት ሳይሆን ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመራው ሰው ነው።

ያልተማሩትን እንጠይቃቸዋለን

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የወጡ ወጣቶች በየቀበሌው ተመድበዋል። አሠራሩ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ አንዳንድ ባለሙያ በአንድ ቀበሌ እንዲኖር የሚያደርግ ነው። እነዚህ ወጣቶች በኮሌጅ ቆይታቸው ስለ ዘር መጠን፣ ስለ እንስሳት መኖ፣ ስለ እርከን ሥራ ተምረዋል። አባት በሚሆኗቸው አርሶ አደሮች ፊት ቆመው ስብሰባ መምራትን ግን በአግባቡ ያስተማራቸው የለም።

ሥራው ደግሞ ይህንኑ ይጠይቃል። በመስኖ ውኃ ተራ የተጣሉ ሁለት ወገኖችን ማስማማት፣ በተፋሰስ ሥራ ላይ የልቅ ግጦሽ ክልከላን ማስከበር፣ ኩታ ገጠም ለማረስ ፈቃደኛ ያልሆነውን አንድ ባለማሳ ምክንያቱን ሰምቶ ማግባባት፣ እነዚህ ሁሉ የአመራር ሥራዎች ናቸው። በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ባለሙያ በሽማግሌዎች መካከል ሲቆም “አንቱ” ማለትን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አክብሮትን ከሙያዊ ጽናት ጋር አጣምሮ “አባቴ፣ የእርስዎ ልምድ እንዳለ ሆኖ ዘንድሮ ይህችን አንዲት ጥማድ እንሞክራት” ማለት ግን ልምምድ ይፈልጋል። ብዙዎች ይህን በራሳቸው ጥረት፣ ብዙ ጊዜም ወድቀው ተነስተው ይማሩታል። ሌሎች ሳይማሩት ሥራውን ይለቃሉ።

የሴት ባለሙያዎች ጉዳይም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ባል የሌላቸው፣ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ እማወራዎች ጓዳ ድረስ ዘልቃ ልትመክር የምትችለው ብዙ ጊዜ ሴት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። ይሁን እንጂ የአመራር ስልጠና ዝርዝር ሲወጣ ስሟ ከመጨረሻው ረድፍ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ልጅ የምታጠባ ባለሙያ አምስት ቀን ከቤቷ ርቃ መሰንበት እንደማትችል እየታወቀ ስልጠናው በዚያ መልክ ከተዘጋጀ፣ ሳንናገር አስቀርተናታል ማለት ነው።

ካለፈው ምን እንውሰድ?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናይ ሁሉንም ከዜሮ መጀመር አያስፈልገንም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ባለሙያን ከአርሶ አደሩ አጠገብ ማኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳይቷል። በ1970ዎቹ ደግሞ “ስልጠናና ጉብኝት” የሚባለው ዘዴ ተሞከረ። በዚህ አሠራር ባለሙያው በየሁለት ሳምንቱ አጭር ስልጠና ይወስዳል፤ በቀሩት ቀናት አስቀድሞ በሚታወቅ ቀንና ቦታ አርሶ አደሩን ይጎበኛል። ዘዴው ድክመት ነበረበት። መልእክቱ ከላይ ተዘጋጅቶ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ በመሆኑ የአርሶ አደሩን ድምፅ የሚያሰማበት መንገድ ጠባብ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ግን ነበረው፤ ስልጠናውና ሥራው አይራራቁም። ትናንት የተማረውን ዛሬ ማሳ ላይ ይሞክረዋል፤ ያልገባውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠይቃል።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የምናገኘው በ1989 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው የአለማያ፣ በዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረውና በሳሳካዋ ድጋፍ ከተቋቋመው የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የትምህርት መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ በኋላ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። ተማሪዎቹ በሥራ ላይ ያሉ፣ ለዓመታት በገጠር ያገለገሉ ባለሙያዎች ናቸው። ከክፍል ትምህርቱ በኋላ ለተወሰኑ ወራት ወደ ሥራ አካባቢያቸው ይመለሱና ከአርሶ አደሮችና ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ተመካክረው አንድ ችግር ይመርጣሉ። ያንን ችግር ለመፍታት ፕሮጀክት ነድፈው ይተገብራሉ። መምህሮቻቸውም እዚያው ድረስ ሄደው ሥራቸውን ያያሉ። ባለሙያው የሚመዘነው በወረቀት ላይ በጻፈው ብቻ ሳይሆን ከአርሶ አደሩ ጋር በሠራው ነው። ለወረዳ የአመራር ስልጠና የሚበጀው አርአያ ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም፤ በራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ሲሠራበት የቆየ ነው።

በአንጻሩ በሲቪል ሰርቪሱ ማሻሻያ ስም የመጡትን መሣሪያዎች እናስብ። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ የዜጎች ቻርተር፣ የለውጥ ሠራዊት፣ ካይዘን፤ ሁሉም በየተራቸው መጥተዋል። አንዳቸውም መጥፎ ሐሳብ አልነበሩም። ተገልጋይን ማስቀደም፣ ብክነትን መቀነስ፣ ውጤትን መለካት ማን ይጠላል? ሆኖም የመጀመሪያው ሳይብላላ ሁለተኛው ይመጣል። ሠራተኛው አዲሱን ቃል ይለምዳል፤ አሠራሩ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት በትልቁ ተጽፎ ይገኛል። ከሥሩ የተቀመጠው ባለጉዳይ ግን ኃላፊው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው አያገኝም።

የሰለጠነው የት ሄደ?

በወረዳዎቻችን የተለመደ አንድ አካሄድ አለ። የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሰልጥኖ፣ ወረዳውን አውቆ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ተግባብቶ መሥራት ሲጀምር ወደ ትምህርት ወይም ወደ ገቢዎች ይዛወራል። በምትኩ ከሌላ ዘርፍ የመጣ ሰው ይተካል። አዲሱም ስልጠና ያስፈልገዋል፤ ይላካል፤ ሲመለስ እሱም ይነሳል። ስልጠናው በግለሰቡ ቦርሳ ተይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አይሰለጥንም።

መዛወርን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ መንግሥት ሰው የመመደብ ሥልጣኑን ይዞ ይቀጥላል። ነገር ግን ስልጠናው ለአንድ ደረጃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሰንሰለቱ በሙሉ በአንድነት ቢሰጥ ጉዳቱ ይቀንሳል። ኃላፊው፣ ቡድን መሪው፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ አንድ የጋራ ችግር ቢመክሩ፣ አንዱ ሲነሳ የቀሩት አራቱ ስምምነቱን ይዘው ይቀጥላሉ። አዲስ መጪውንም እነሱ ያስተምሩታል። ኃላፊዎች ለብቻ፣ ባለሙያዎች ለብቻ የሚሰለጥኑበት አሠራር ግን ሁለቱ ስለ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያደርጋል።

እውነትን የሚሰማ ኃላፊ

ከሁሉም በላይ ስልጠናው ሊያስተምረው የሚገባው፣ ግን በሞጁሎች ውስጥ እምብዛም የማይነካው ጉዳይ አለ። እሱም ክፉ ዜናን መስማት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቀበሌ 200 ሔክታር በኩታ ገጠም እንዲዘራ ዕቅድ ወረደለት እንበል። የተዘራው 120 ሔክታር ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በግምገማው ላይ “120 ነው” ብሎ ሲናገር ሁለት ዓይነት መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ኃላፊ “ምን አገዳችሁ? ዘሩ ነው የዘገየው፣ ወይስ አርሶ አደሩ አላመነበትም?” ብሎ ይጠይቃል። ሌላው “ሌሎች ቀበሌዎች መቶ በመቶ ሲፈጽሙ አንተ እንዴት?” ይለዋል። ሁለተኛውን መልስ የሰማ ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ 200 ብሎ ይጽፋል። አጠገቡ ሆኖ ይህን ያየ ባልደረባውም እንዲሁ ይጽፋል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ጉዳት አይደለም። የቀበሌው ቁጥር ወደ ወረዳ፣ የወረዳው ወደ ዞን፣ የዞኑ ወደ ክልል እየተደመረ ይሄዳል። ለሚቀጥለው ዓመት የማዳበሪያ ፍላጎት፣ የዘር ድልድል፣ የምርት ግምት የሚሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያልተዘራው 80 ሔክታር እንደተዘራ ከተቆጠረ በቀጣዩ ዓመት አንዱ ቀበሌ የማይፈልገው ግብዓት መጋዘን ውስጥ ሲከማች ሌላው የሚፈልገውን ያጣል። ዋጋውን የሚከፍለው ዝናቡ እየሄደበት ወረፋ የሚጠብቀው አርሶ አደር ነው። ስለዚህ የበታች ሠራተኛ ሳይፈራ “አልሆነም” የሚልበትን ሁኔታ ያልፈጠረ የአመራር ስልጠና፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ሞጁል ቢኖረው፣ ግቡን አልመታም።

ስለ አበልም እንነጋገር

ይህን ርእሰ ጉዳይ ሲያነሱ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን ማንም በስብሰባ ላይ የማይናገረው ነገር አለ፤ የአበል ጉዳይ። ስልጠና ለብዙ ሠራተኛ የገቢ ድጎማ ሆኗል። በዚህ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ አይገባም። በቀበሌ ማዕከል በቂ መኖሪያ ሳይኖረው፣ ጎጥ ለጎጥ በእግሩ ሲዞር ውሎ ለሚገባ ባለሙያ የጥቂት ቀን አበል እውነተኛ እፎይታ ነው። ነገር ግን ስልጠና በዚህ ምክንያት ሲፈለግ ምርጫው በክፍተት መሆኑ ቀርቶ በተራ ወይም በቅርበት ይሆናል። ስለ መስኖ ውኃ አስተዳደር ሊሰለጥን የሚገባው መስኖ ያለበት ቀበሌ ባለሙያ ቀርቶ፣ “እስካሁን ያልደረሰው” ሰው ይላካል። የሠራተኛው ኑሮ መሻሻል ካለበት፣ አለበትም፣ በደመወዝ፣ በመኖሪያ ቤትና በመጓጓዣ በግልጽ ይታይ። በስልጠና ውስጥ ተሸሽጎ ሲመጣ ኑሮውንም አያሻሽልም፤ ስልጠናውንም ያበላሸዋል።

“ባለሙያው ሞተር ሳይክልና ነዳጅ ሳይኖረው የአመራር ስልጠና ምን ይፈይዳል?” የሚሉም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልጠና የመጓጓዣን ቦታ አይተካም። ሆኖም ባለው ጥቂት ነዳጅ በመጀመሪያ የትኛው ጎጥ ይታይ፣ የትኛው ሥራ ለሞዴል አርሶ አደር በአደራ ይሰጥ ብሎ መወሰንም አመራር ነው። ሀብት ሲያጥር የመሪው ብቃት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ምን ይደረግ?

በወረዳ አቅም ሊፈጸሙ ይችላሉ የምላቸውን አምስት ነጥቦች ላቅርብ።

አንደኛ፣ የስልጠናው ጊዜ በእርሻው ወቅት ይመራ። የአምስት ቀን ስልጠናን በአንድ ጊዜ ከመስጠት በወር አንድ ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ መስጠት ይሻላል። ከዘርና ከማዳበሪያ ሥርጭት ጋር የሚጋጩት ሳምንታት ከወዲሁ በዕቅድ ላይ ተለይተው ስልጠና የማይካሄድባቸው ይሁኑ። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶችም ገንዘቡ በመስከረምና በጥቅምት መውጣት እንዲጀምር ካሁኑ ቢያመቻቹ የግንቦቱ ጥድፊያ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ቦታው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ይሁን። በየቀበሌው የተሠሩት ማዕከላት ከእነ ሠርቶ ማሳያቸው አሉ። አንዳንዶቹ በራቸው ከተዘጋ ቆይቷል። ኃላፊዎች በወር አንድ ቀን እዚያ ተሰብስበው ቢማሩ ማዕከሉ ይጠገናል፤ ሠርቶ ማሳያውም ይታረማል። ኃላፊ የሚመጣበት ግቢ አረም አይበቅልበትም። ለአዳራሽ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብም ለነዳጅ ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ቡድን ከራሱ ቀበሌ አንድ ችግር ይዞ ይግባ፤ አንድ የምርት ወቅት ሙሉ ይሥራበት። ኖራን ከክረምት በፊት ማሳ ማድረስ፣ የዋግ አሰሳን በየሳምንቱ ማካሄድ፣ የመስኖ ውኃ ተራን በስምምነት ማስያዝ፣ ከእነዚህ አንዱ በቂ ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ወቅቱ ሲያልቅ፣ ሥራው ታይቶ ይሁን።

አራተኛ፣ አማካሪ ይመደብ። በየወረዳ ከተማው በጡረታ የተገለሉ፣ ሠላሳ ዓመት በግብርና ያሳለፉ ባለሙያዎች አሉ። የትኛው ቀበሌ መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው ሽማግሌ ሲናገር ሰው እንደሚሰማ ያውቃሉ። ለእነሱ መጠነኛ ክፍያ ሰጥቶ በወር አንድ ጊዜ ወጣቱን ባለሙያ ማሳ ላይ እንዲጎበኙት ማድረግ ከየትኛውም ሞጁል የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል።

አምስተኛ፣ አርሶ አደሩ ይመዝን። ስልጠናው ባለቀ በመጨረሻው ሰዓት የሚሞላው መጠይቅ የሚነግረን ምሳው ጥሩ እንደነበረና አሰልጣኙ በደንብ እንደተናገረ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የቀበሌው ነዋሪ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ባለሙያው ባለው ቀን ተገኝቷል ወይ? ችግር ስትነግሩት መልስ ይዞ ተመልሷል ወይ? የማያውቀውን “አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ” ብሏል ወይ? ከእነዚህ መልሶች ስለ ስልጠናው ዋጋ ብዙ እንረዳለን።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው

አርሶ አደሮቻችንም ይህን ጉዳይ “የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ነው” ብለው መተው የለባቸውም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ የማዳበሪያ ዋጋንና የዘርን ነገር እንደምትጠይቁት ሁሉ “ዘንድሮ የሰለጠነው ባለሙያችን ማን ነው? ምን ተማረ? ለእኛስ ምን ይዞ መጣ?” ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያውን ለማሳፈር ሳይሆን የተማረውን እንዲያካፍል በር ለመክፈት ነው። አብዛኛው ወጣት ባለሙያ ቢጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የሚያሳዝነው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ጥሩ የሚሠራ ባለሙያ ሲገጥማችሁም ለወረዳው ተናገሩ። ስም የሚነሳው ለአቤቱታ ብቻ ከሆነ ጥሩው ሠራተኛ ጥሩነቱን ማን ያውቅለታል?

የወረዳ አስተዳዳሪዎችና የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ስታዘጋጁ “አቅም ግንባታ” በሚለው ርእስ ሥር የምትጽፉት ብዙ ጊዜ የሰልጣኝ ቁጥር ነው። “120 ሰው ይሰለጥናል” ይባላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ “120 ሰው ሰልጥኗል” ተብሎ ይዘጋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩበት። ዓምዱ በየትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ችግር፣ እስከ መቼ እንደሚፈታ ይናገር። ዓምዱን መሙላት ካቃተ ስልጠናው ገና አልታሰበበትምና ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንደገና ይመከርበት። ዓምዱ ከተሞላ ግን በሚመጣው ሰኔ “ስልጠና ላይ ናቸው” የሚለውን መልስ የሚሰማ አርሶ አደር ቁጥር ይቀንሳል። ባለሙያው የሚሰለጥነው እዚያው ማሳው ዳር፣ ከእሱው ጋር ይሆናልና።